የዘመመው ቤት ፍሪጅ

መጋቢት 3

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ታናሽ ወንድሜ፣ አገሩ በሙሉ መፍቻ እያለ የሚጠራህ የፍሪጅ ጠጋኝ። ወረቀቱ ሳያልቅብኝ ይህንን ላስቀድም ብዬ ነው።

የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል፣ ከዚያ የራስን ጤንነት ገልጾ ወደ ጉዳዩ ይገባል ብላ አስተምራን ነበር። በጥፋተኛ ስለጀመርኩ ይቅርታ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ባሌም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ፍሪጁ ነው።

የነበልባሉን ቀለም እዪልኝ ላልከኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ በደረቴ ተኝቼ አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ቢጫ ምላስ አለው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። እኔን የጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከሥሩ እሳት እየነደደ ላዩ እንዴት ይበርዳል? አርባ ዓመት ሙሉ እሳት ስለኩስ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አብርዶልኝ አያውቅም።

ድርጅቱ መንገዱን ሠርቶ ሲሄድ ጥሏቸው የሄዳቸውን ማሽኖች ባሌ እንዲጠብቅ ሲቀጠር፣ መብራት በሌለበት፣ ስልክ በማይሠራበት ሜዳ በተጎታች ቤት ውስጥ እንዴት እንኖራለን ብዬ ፈርቼ ነበር። የዚያን ጊዜ፣ «እትዬ አታስቢ፣ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አለኝ፤ የጋሼ መርፌ በረሃ ላይም አይበላሽም» ያልከኝ አንተ ነህ። መጥተህ ገጠምክልን፣ ሳቅህን ስቀህ ሄድክ። በቀዝቃዛው ጊዜ ሠርቷል፣ አልዋሽም። ሙቀቱ ሲመጣ ግን የሰው ጠባይ አመጣ፤ ሲፈልጉት የለም።

ዛሬ ከውስጡ ያወጣሁት ውሃ ለእግር መታጠቢያ ይሆናል። የውሃው ግድ የለኝም፤ ሞቅ ያለም ውሃ ውሃ ነው። መርፌው ግን ባሌ ጠዋትና ማታ ሆዱ ላይ የሚወጋው የስኳር መድኃኒት ነው። ከሞቀ ኃይሉ ይሞታል ብላኛለች የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ሌላ የምትሰጠን ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ዘሟል። እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ከአልጋው ራስጌ በኩል ተነስቶ ወደ ማድቤቱ እየተንከባለለ ይመጣል። ባሌን ብጠይቀው፣ ዕቃ ያጠብሽበትን ውሃ ማድቤቱ ሥር እየደፋሽ መሬቱን አሰመጥሽው አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጣቢዬን በሳፋ ተሸክሜ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ግሬደሩ የቆመበት ድረስ እየሄድኩ እደፋለሁ። ከፍሪጁ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ውሃ የሚያመጣልን የቦቴ ሾፌር ደብዳቤውን ይዞልህ ይወጣል።

እህትህ


መጋቢት 14

ለውድ እትዬ፣

እጅ ነስቻለሁ። ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ፤ እዚህም ወደቡ ላይ ሙቀት ስለገባ የማይጠራኝ ሆቴል የለም። ይመስገን ደህና ነኝ።

ይፈነዳል ወይ ብለሽ በሾፌሩ ላስጠየቅሽኝ፣ አይፈነዳም እትዬ። ከሥሩ የምትሰሚው እፍ እፍ የሚል ድምፅ የነበልባሉ ነው። ጋዝ ከሸተተሽ ግን ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በሩን ክፈቺ፣ ውጪ።

ትምህርት ቤት ስማር እኔም እንዳንቺው ነው የጠየቅሁት። ከኋላው ባለው ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ አለ። እሳቱ ያፈላዋል፤ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ላይ ሲደርስ በርዶ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ሲወርድ የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሞተር የለውም፤ የሚገፋውም የለም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። እዚህ ላይ ብዙ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት።

በሾፌሩ በቃል የላክሽብኝ ነገር አስደንግጦኛል። ከውጪ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ወንፊቶች፣ አቧራ እንዳይገባ ብለሽ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀሻቸዋል አሉ። የፍሪጁ አፍንጫ እኮ ናቸው። ከታችኛው አየር ይስባል፣ ከላይኛው ሙቀቱን ይተነፍሳል። ትንፋሽ ያጣ ነገር ምን ይሆናል? ዛሬውኑ አውጪያቸው። ያ ጎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ሸራ ወጥሪበት፤ ግድግዳውን ሳይነካ፣ አየር እንዲያልፍ አድርገሽ። ቢጫውን ምላስ ያመጣው ጥላሸት ነው። ጋዙን ዘግተሽ ሲቀዘቅዝ ማቃጠያውንና ጭስ ማውጫውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። ትኩስ ድስት አታስገቢ። እስከ አፉ አትሙዪው፤ በዕቃዎቹ መሃል አየር ይዙር። የበሩን ጎማ ለማየት ወረቀት አስገብተሽ በሩን ዝጊበትና ሳቢው፤ ሳይታገል ከወጣ ጎማው አልቋል። ከመኪና ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ልኬአለሁ፤ በላይኛው ወንፊት በኩል ወደ ውጪ እንድትነፍስ አድርገሽ ግጠሚያት።

ስለ እንቁላሉ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ጋሼን ይበርቱ በይልኝ።

ታናሽሽ


መጋቢት 25

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን።

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። ጨርቁን ከአፍንጫው አወጣሁለት፤ አንዱ ጨርቅ የባሌ የድሮ ቱታ ኖሮ ስንት ጊዜ ስፈልገው የነበረ። ሸራውን ወጠርኩ። ጥላሸቱን ስጠርግ ፊቴ የምድጃ ቂጥ መሰለ፤ ባሌ አይቶኝ መሳቅ ፈልጎ ሳለ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ማራገቢያዋን እሱ ራሱ ገጠማት፤ በእሷ እንኳ ትንፋሽ አጠረው። እርጅና ነው አለኝ። ነበልባሉ አሁን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የበሩ ጎማ ወረቀቱን እንቢ ብሎ ይይዛል። ሁሉም እንዳልከው ነው፤ ፍሪጁ ግን አይበርድም።

እኔ ምኑን ልያዘው? ክፈቺ ትላለህ፣ ዝጊ ትላለህ። አየር ይግባ ትላለህ፣ ሙቀት አይግባ ትላለህ። አየሩ ራሱ እኮ ሙቀት ነው። አንዱን ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ግራ ገባኝ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ አንድ የደበቀኝ ነገር አለ እል ነበር።

ነርሷ ምን አለች ብለህ ላስጠየቅኸው፣ መድኃኒቱ ሞቶ ነው አለች። እየወጋ እየወጋ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከራሷ ማስቀመጫ አንድ ብልቃጥ አውጥታ ሰጠችንና፣ «ይኼም ከሞቀ ሌላ የለኝም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ያዘነችልኝ መሰለኝ።

ስለ እንቁላሉ አንብቤዋለሁ አልክ። እኔም እንዳነበብከው አውቃለሁ። ፊደል ቆጥረሃል። የጠየቅሁህ ሌላ ነው።

ደግሞ ባሌ በሾፌሩ እጅ ደብዳቤ እንደላከልህ ደርሼበታለሁ። ፊደል ሳላውቅ ያንተን ደብዳቤ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። እኔ ማንበብ ስችል በዚህ ቤት ደብዳቤ መደበቅ ተጀመረ። ለዚህ ነው እንዴ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ሀሁ ያልኩት?

እህትህ


ሚያዝያ 6

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

ጋሼ የጻፉልኝ የወንዶች ወሬ ነው፤ ስለ ድሮ ሥራ፣ ስለ ማሽኖቹ። አትቀየሚያቸው። ጋሼ ትራስ ይደራርቡ የነበረው ለምንድን ነው ብለሽ በሾፌሩ ያስጠየቅሽኝ አልገባኝም። ሰው ሲያረጅ ትራስ ይወዳል።

መድኃኒቱን ከታችኛው መደርደሪያ፣ ወደ ጀርባው አስጠግተሽ፣ ግድግዳውን ሳይነካ አስቀምጪው። ፍሪጁን ለጠዋቱና ለማታው መርፌ ብቻ ክፈቺው። ጨርቅ አርጥበሽ ከብልቃጡ ላይ አድርጊ። ምናልባት ሙቀቱ እስኪያልፍ ይይዝልን ይሆናል። ምናልባት ያልኩት እኔም እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው።

መጥተህ እየው ብለሽ ለላክሽብኝ፣ አሁን የያዝኩትን ሥራ ጥዬ ብመጣ መመለሻ የለኝም። እመጣለሁ፤ መቼ እንደሆነ ግን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። በዚህ ጉዳይ ደግሞ…

ይቅርታ፤ ከዚህ በላይ መጻፍ ከበደኝ።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 16

ለመፍቻው፣

እኛ ደህና ነን፤ ፍሪጁም ደህና ነው! ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከውስጡ ያወጣሁት ጠርሙስ ላብ በላብ ሆኖ ከፊቴ ቆሟል።

አንተ እንዳትመስልህ። የሠራው የቦቴ ሾፌሩ ነው። ውሃ ቀድቶልን ሲጨርስ ወደ ቤት ግባና አረፍ በል አልኩት። የሰጠሁትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ተንሸራተተበት። ብርጭቆውን አየ፣ ፍሪጁን አየ፣ እኔን አየኝ።

«እማማ፣ ይኼ ፍሪጅ የሚሠራው በምንድን ነው?»

በጋዝ ነው አልኩት፤ በጋዝም በጠጋኝ ወንድሜም ነው አልኩት። ለካ ድሮ አገር ጎብኚዎች የሚተኙበትን፣ ማድቤት ያለውን ትልቅ መኪና ይነዳ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው ፍሪጅም እንዲህ ያለ ነው። መኪናውን ባቆመ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚያየው መሬቱ ቀጥ ማለቱን ነበር፤ ከዘመመ ያ በራሱ ክብደት ይወርዳል ያልከው ፈሳሽ መንገድ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ እሳቱ በከንቱ ይነድዳል። ማራገቢያ ብትል፣ ሸራ ብትል፣ ዋጋ የለውም። «የማንም ጠጋኝ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው። የእርስዎ ወንድም የት ተምሮ ነው?» አለኝ። አፈርኩብህ።

ከመኪናው ክሪክና ውሃ ልክ አወጣ። በማድቤቱ በኩል የሰመጠ መሬት ብንፈልግ የለም። በራስጌው በኩል ግን ጎማዎቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተገኙ፤ አፈር ለብሰው፣ ተጠቅጥቀው። መሬት ድንጋይ አይወልድም። ባሌን ብጠራው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ድሮም የነበሩ ይሆናሉ አለኝና ወደ ማሽኖቹ ዞረ። ሾፌሩ በክሪኩ አነሳው፣ እኔ በእጄ ድንጋዮቹን ጎትቼ አወጣኋቸው። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ቆመች። ፍሪጁን አጥፍቶ አሳረፈው፤ በማግስቱ ለኮስኩት። በሚቀጥለው ቀን በላይኛው ሳጥን ውስጥ በረዶ ያዘ። በረዶውን ጣቴ ላይ አድርጌ ለባሌ ላሳየው ወጣሁ። አየውና፣ «ጎበዝ» አለኝ።

ይኸውልህ፣ ለመርፌው ብዬ ደስ ብሎኛል። አንድ የማልረዳው ነገር ግን አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጋው ላይ አይተኛም። ቤቱ ይሞቃል ይልና ወንበሩን አውጥቶ ግሬደሩን ተደግፎ ተቀምጦ ያድራል። ጠዋት ስወጣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደፊት ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ። እግሮቹ አብጠዋል፤ ጫማው አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው። ደህና አደርክ ስለው፣ ደህና ይለኛል። ቤቱ ሲበላሽ አልጋው ላይ፣ ቤቱ ሲስተካከል ሜዳ ላይ። ከእሱ ይልቅ የፍሪጁ ሥራ ይገባኛል።

እንቁላሉ ካስቀመጥኩት አይነቃነቅም። ስለ እንቁላሉ ያነበብከው ይህን ነበር እንዴ?

እህትህ


ሚያዝያ 22

እትዬ፣

ሰላምታውን በኋላ። ይህ ደብዳቤ በእጅሽ ሲገባ ሳትጨርሺው ውጪና ድንጋዮቹን መልሺ። ሾፌሩን በልመናም በቁጣም አስቁሚው፤ ቤቱን መልሶ ያንሳልሽ። ከመለስሽ በኋላ የቀረውን አንብቢ።

ጋሼ በጀርባቸው ተጋድመው መተንፈስ ካቃታቸው ቆይቷል። ሲተኙ ውሃ ውስጥ የገቡ ያህል ይታፈናሉ። ትራስ ደራረቡ። ያ አልጋ አጭር ነው፤ ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ራስጌው አይነሳም። ትራሱ ላይ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ላንቺ እንዳልነግር አስማሉኝ። «ካወቀች ጥበቃውን አስጥላ ወደ ከተማ ትወስደኛለች። ሥራው ከሄደ ይህም ቤት ይሄዳል፤ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ደጅ አላስጠናትም። ሆድ ይፍጀው» ብለው ጻፉልኝ። እኔም እንደ ቀልድ፣ አልጋው የማይነሳ ከሆነ ቤቱን አንሱት ብዬ መለስኩላቸው። ጋሼ ቀልድ አያውቁም። በሚቀጥለው ደብዳቤ፣ እሷ በሌለችበት በማሽኖቹ ክሪክ አንሥቼዋለሁ፣ ከዓመት በኋላ ዛሬ ተኛሁ ሲሉ ጻፉልኝ። የዚያን ጊዜ ሌሎቹ ነገሮች ሁሉ ቀርተው ፍሪጁ ነው ትዝ ያለኝ።

አዎ፣ የመጀመሪያ ቃሌ መሆን የነበረበት ይኼ ነው። ተለማማጆቼን በመጀመሪያው ቀን የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ቤቱን አስተካክዪ ብልሽ ጋሼ ይታፈናሉ፤ ዝም ብል መርፌያቸው ይሞቃል። በጥላና በማራገቢያ ትንሽ ዝማሜ ይቻላል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወደ አንቺ በጻፍኩ ቁጥር እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ እየደረስኩ እመለስ ነበር።

ከነርሷም እየደበቁ እንደሆነ አውቃለሁ። ንገሪያት።

ታናሽሽ


ግንቦት 2

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከጤና ጣቢያ ከተመለስን በኋላ ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹን ለመመለስ ያንተን ፊደል አልጠበቅሁም። ከወንበሩ ተንሸራትቶ ሳገኘው ከንፈሩ የነበልባሉን ቀለም ይዞ ነበር። በመጋቢት ያንን ቀለም ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እሳቱን ለማየት ጎንበስ አልልም። እንዴት እንደወሰድነው አልጽፍልህም። ሾፌሩ ባይደርስ ኖሮ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። በጉዞው ሁሉ ቀጥ አድርጌ በጀርባው ላስተኛው ስሞክር፣ እሱ ደረቴን እየገፋ ሲነሳ፣ ይኼ ሰውዬ በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ይጣላኛል ብዬ አዝኜበታለሁ። ልተንፍስ ማለቱ ነበር።

ነርሷ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ሳትጥል በፊት፣ እንዴት ነዎት አባባ አለችው። ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። ያወጣው ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

«ደህና ነኝ።»

ልቡ ደክሟል፣ ራስጌው ከፍ ካላለ ተኝቶ መተንፈስ አይችልም አለችኝ፤ የድንጋዮቹ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያሸና ኪኒን ሰጥታው እብጠቱ ቀነሰ፣ ትንፋሹም ትንሽ ተመለሰ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድበትን ወረቀት ጽፋለታለች፤ በሚመጣው ሳምንት በቦቴው እንወጣለን። ሥራውን እንዳልነጥቀው ሲሰጋ ነበር አልከኝ። አለቃው በሾፌሩ ሲላክበት፣ እሱ በማይችልበት ጊዜ ማሽኖቹን እኔ እንድጠብቅ ፈቀደ። ዝገት ለመጠበቅ የማን ጺም ያስፈልጋል? ይህን ያህል ነበር የተፈራው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ ኖሬአለሁ፤ የሚደብቁለት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ምን እንደሚባል ግን ያስተማረኝ የለም።

ቤቱ እንደገና ዘሟል። ድንጋዮቹን እኔ አቀበልኩ፣ ሾፌሩ አነሳው። ውሃ ልኩን ሊያወጣ ሲል ተወው አልኩት። ባሌ አልጋው ላይ ተኛ፤ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ለስንት ዓመት የተማረርኩበት ማንኮራፋት ነው፤ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ፍሪጁን አጥፍቼዋለሁ። በዘመመ ቤት እየነደደ ቢቆይ ጨርሶ ይሞታል ብሎኛል ሾፌሩ፤ አንተ ታውቀው እንደነበር አሁን አውቄአለሁ። ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ። የወሩን ብልቃጦች ነርሷ በራሷ ማስቀመጫ ይዛልኛለች። የሳምንቱን ብቻ ወስጄ፣ እሷ እንዳሳየችኝ፣ ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ከትቼ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሼ ከግሬደሩ ጥላ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሳትም የለው፣ ቱቦም የለው፣ ግን ይበርዳል። ይኼም አልገባኝም። እሱ ግን ሲሠራ ምንም የደበቀኝ የለም።

የአልጋውን ሥዕል ልከህልኛል። ራስጌውን ከግድግዳው ፈትቶ፣ በማጠፊያ እንደ ሳጥን ክዳን እንዲነሳ ማድረግ። ሾፌሩ ይዞት የመጣው አናጺ አየውና፣ ይኼማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለኝ። የግማሽ ቀን ሥራ! ለዚህ ነው ከመጋቢት ጀምሮ ቤት የነቀነቅነው። ከሆስፒታል ስንመለስ ይሠራዋል፤ ከዚያ ቤቱም ቀጥ ይላል፣ ፍሪጅህም ይለኮሳል። አስተካክለህ የምታቆመው ግን አንተ ነህ፤ ያን ጊዜ ትመጣለህ። መመለሻ የለኝም ያልከው ጉዳይ የራስህ ነው።

ትናንት ነቃ ሲል ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረና፣

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር፣ አንቺ ሴት?» አለኝ።

«እጣቢዬን ደጄ ላይ እደፋ ነበር።»

ሳቀ። እንደ ልማዱ ወደ ሳል ሊዞርበት ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞረም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያንን ሳፋ ተሸክሜ የሄድኩበት ፀሐይ እስካሁን ከአናቴ አልወረደም።

ተጠያቂው አሁንም አንተ ነህ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እውነቱን ጽፌው ኖሬአለሁ። ከዚያ ደግሞ እሱ ነው። ድንጋዩን በእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ስል ሾፌሩም ይገባበታል፤ ባሌን ያተረፈው ግን እሱ ነው። ጥፋቱን ለማን ቆርጬ እንደምሰጥ ስቆጥር ውዬ ስቆጥር አድሬ ጠፋኝ። በዚያ ላይ ሁላችሁም ያደረጋችሁት ለእኔ አስባችሁ ነው ትላላችሁ። ለእኔ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ ብታውቁ።

ያች አስተማሪያችን ሀሁ ጨርሰን ዓረፍተ ነገር ስንጀምር መጀመሪያ ያስጻፈችን፣ እጃችን እስኪፍታታ ደጋግመን የጻፍነው፣ «እኛ ደህና ነን» የሚለውን ነበር። ከማውቀው ሁሉ አሳምሬ የምጽፈው እሱን ነው። ባሌም እሱን ይላል፣ አንተም እሱን ትጽፋለህ፣ እኔም እሱን አስቀድሜ ስጽፍልህ፣ ባሌ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ይለቅም ነበር። ይህን ደብዳቤ ስጀምር እጄ በራሱ ወደዚያው ሄዶ ነበር፤ ያዝኩት።

ለጤናህ እንደምን እንደሆንክ ዝርዝሩን ጻፍልኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ ደህና ነን ብዬ አልጽፍልህም።

እህትህ